ለልጅ ነው ያልኩት መኪና

ከረባት አስሮ ቢሮ የሚገባ፣ በመምሪያው ውስጥ «አቶ» እየተባለ የሚጠራ፣ ፀጉሩ ከፊት መሳሳት የጀመረ ሰውዬ መሬት ላይ ተንበርክኮ የመጫወቻ መኪና ጎማ በጥርስ ብሩሽ ሲፍቅ ቢታይ ሰፈሩ ምን ይለዋል? እኔ ይህን ጥያቄ ለሰፈሩ ማቅረብ አልፈለግኩም። በሬን ዘግቼ፣ መጋረጃዬን ስቤ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ነበር የምፍቀው። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ቦሌ ውስጥ፣ ከመድኃኔዓለም ወደ ገርጂ በሚወስደው በኩል፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ሰፈሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚበዙበት ስለሆነ፣ አንዱ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ የቤት ዕቃውን ሣሩ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። ወሬው በዘበኞች በኩል ይደርሰናል፤ እኛም ማልደን በሩ ላይ እንሰለፋለን። እኔ የሄድኩት ፍሪጅ ልገዛ ነበር። ትዳር ለመያዝ አስቤ ስለነበር ፍሪጅ ያለው ሰው መባል አምሮኝ ነበር። ፍሪጁን የቀደመችኝ ሴትዮ ወሰደችው። ባዶ እጄን መመለስ ሲከብደኝ አንድ ካርቶን ከፈትኩ፤ ውስጡ በሪሞት የሚነዳ መኪና አለ፣ ያውም ተበታትኖ። ጎማው ለብቻ፣ ሞላው ለብቻ፣ ዲናሞው ለብቻ፣ ብሎኑ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ። ሰውዬው ሊገጥመው ጀምሮ ሰልችቶት ትቶታል። ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር በሱቅ መስታወት ውስጥ እንኳ አይቼ አላውቅም። ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁት።

ቤቴ ገብቼ ሳየው ካርቶኑ ውስጥ የጠፋው መፍቻ ብቻ ነው። ብሎኖቹ ከምስር ፍሬ አይበልጡም፣ ራሳቸው ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ አላቸው። እንዲህ ያለውን ብሎን የሚፈታውን መፍቻ ጋራዦች ብሩጎላ ይሉታል። መገናኛ አካባቢ ያሉ ጋራዦች ፈልገው ያወጡልኝ ትንሹ ብሩጎላ ለኔ ብሎን አካፋ ነበር። ስለዚህ አንዷን ብሎን ክብሪት ቀፎ ውስጥ ጨምሬ መርካቶ ወረድኩ።

«ይቺ የምን ናት?» አለኝ አንድ የመፍቻ ነጋዴ፣ ብሎኗን መዳፉ ላይ አድርጎ።

«የመኪና።»

«የምን መኪና?»

ከጎኔ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች ቆመው ይሰማሉ። «የመጫወቻ» አልኩ። ወዲያውም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ለልጅ ነው» ብዬ ጨመርኩ።

የነጋዴው ፊት ፈታ አለ። «ኧረ ልጅ ከጠየቀማ ምን ይደረጋል!» ብሎ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ሣጥን አውጥቶ ይበረብርልኝ ጀመር። አላገኘልኝም። ግን ሻይ አዘዘልኝ፣ ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ እንድሞክርም መከረኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ «ለልጅ ነው» የምትለዋን ነገር ሳልጠየቅም እላት ጀመር። በሰፈራችን ጥግ በጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚቀመጠው ሰዓት ሠሪ፣ ለልጅ ነው ስለው ጫፋቸው ያለቀ ትንንሽ ካቻቪቴዎች በርካሽ ሰጠኝ። አንድ የጋራዥ ሰው፣ ለልጅ ነው ስለው የራሱን ሥራ አቁሞ የአሮጌ ብሩጎላ ጫፍ በሞረድ እያሳሳ ለብሎኔ ልክ አደረገልኝ። ሲጨርስ ግንባሩን በክንዱ ጠረገና «እግዜር ያሳድግልህ» አለኝ። እኔም «አሜን» አልኩ።

ከሰዓት ሠሪው ቀጥሎ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ደግሞ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መበየጃ ሸጠልኝ፤ ሽቦ ከሽቦ እንዴት እንደሚያያዝም አሳየኝ። በሳምንቱ ያው ሽቦ ተበጥሶብኝ ስመለስ ሳቀ።

«ምን ዓይነት ልጅ ነው ያለህ? ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስድስት» አልኩ።

«ረባሽ ነው መሰለኝ።»

«በጣም እንጂ። ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል። ቀስ በል ቢሉት አይሰማም።»

ያላተምኩት እኔ ነኝ። ስለዚያ ልጅ የተናገርኩት ሁሉ፣ መቸኮሉ፣ ሳያይ መታጠፉ፣ ነገር ሲበላሽበት መነጫነጩ፣ የራሴው ጠባይ ነበር። ውሸት መፍጠር ስለማልችልበት ራሴን ቀንሼ ነበር የማወራው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የባለሱቁ ነገር ነው። በራችን ላይ ያለው ባለሱቅ የወሎ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሚዛኑ የማይዋሽ፣ ዓርብ ዓርብ ሱቁን ለታናሽ ወንድሙ ትቶ መስጊድ የሚሄድ። ሪሞቱ የባትሪ ድንጋይ በላተኛ ስለሆነ ደንበኛው ሆንኩ። ድንጋዩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከሰጠኝ በኋላ ሁልጊዜ ከብርጭቆ ማሰሮው ከረሜላ ያወጣል። «ይቺን ለልጁ ስጥልኝ፣ ወንድሜ። አንድ ቀን እንኳ አምጥተህ አሳየኝ እንጂ» ይለኛል። ከረሜላውን ተቀብዬ አመሰግናለሁ። ከዚያ የግቢያችን በር ጋ ሳልደርስ ልጬ እበላዋለሁ።

ልጁ በሰው አፍ እያደገ ሲሄድ የኔም ዕቃ እየተሟላ ሄደ። አሮጌ የመምህራን ቦርሳ ገዝቼ ሁሉንም በየቦታው አደረግኩ። ካቻቪቴዎቹን በጨርቅ ጠቀለልኳቸው። አፈ ሹል ፒንሳ፣ እሾህ የሚነቀልበት ወረንጦ፣ ሞረድ፣ መበየጃውና ቀልጦ ሽቦ የሚያያይዘው ጥቅልል እርሳሱ፣ ጥቁር ፕላስተር፣ ለማርሽ ጥርሶቹ የስፌት መኪና ዘይት። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁት ማግኔት የጠፋ ብሎን ይለቅምልኛል። ከመሥራቴ በፊት ነጭ አንሶላ ወለሉ ላይ አነጥፋለሁ፤ የወደቀ ብሎን በሲሚንቶ ላይ ተንከባሎ ከቁምሳጥን ሥር ከገባ በቃ፣ ሄደ ማለት ነው። የተፈታውን በየተራው የምደረድርበት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ነበረኝ። መኪና ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ ሲንቀጠቀጥ ብሎን ይላላል፤ ስለዚህ ብሎኑ ጥርስ ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጌ ነበር የማጠብቀው። ይህን ያገኘሁት በራሴ ሙከራ ስለነበር ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። የጥፍር ቀለሙ ቀይ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ቀለም አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ወደ ገርጂ እወርዳለሁ። እዚያ መሠረቱ ወጥቶ፣ ወለሉ ተሞልቶ፣ ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮት የቆመ ቤት አለ። ዘበኛው በሩን ከፍቶልኝ ተመልሶ ፀሐይ ይሞቃል። ያ ሰፊ ሲሚንቶ የኔ ነበር። መኪናዬ ጥግ ድረስ ሄዳ፣ አቧራ አስነስታ፣ በእጄ እንደያዝኳት ሁሉ ስትታጠፍልኝ ብቻዬን እስቅ ነበር። በዓለም ላይ ደስ የሚለኝ ሌላ ሰዓት አልነበረኝም፣ እሱን ሰዓት ግን ለማንም መናገር አልችልም።

ላገባት ለምፈልጋት ሴት እንኳ አልነገርኳትም። ቦሌ መንገድ ዳር ባለ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከተዋወቅን ዓመት አልፎናል። ቀጥተኛ ሰው ናት፤ የምታስበውን ትናገራለች፣ ያልተነገራትንም ትጠብቃለች። ቅዳሜ የት እንደምሄድ ስትጠይቀኝ የመሥሪያ ቤት ትርፍ ሥራ አለብኝ እላታለሁ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከጓደኛዋ ጋር፣ ከእኔ የተዋሰችውን መጽሐፍ ልትመልስ ድንገት መጣች። መኪናዋን በእግሬ አልጋ ሥር ገፋሁ። የጥፍር ቀለሙ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አየችው። እኔም ስታየው አየኋት። «ለብሎን ነው» ብል ማን ያምነኛል ብዬ ሻይ ቀዳሁላት፤ እሷም ሻዩን ሳትጨርስ ተነሳች።

ያም ሆኖ ሽማግሌ ላክሁ። ዋናው አጎቴ ናቸው። ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ የተጣላ ወንድማማች ያሳሳሙ፣ በሽምግልና ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። ሁለት የዕድር ሰዎች አስከትለው እሁድ በማለዳ ገርጂ ወደሚገኘው ወደ አባቷ ቤት ሄዱ። አባቷ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ጨርሰዋል። ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀብለው «ከዘመድ ልማከር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሏቸው። ወጉ እንዲህ ነው፤ በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ስለ ሰውዬው ይጠየቃል።

እሳቸው ግን ዘመድ አላኩም። የሚከራይ ቤት ፈላጊ መስለው ራሳቸው ሰፈሬ መጡ። ከባለሱቁ ለስላሳ ገዝተው ጠጡ። ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሰዓታቸውን አስጠገኑ፣ ሬዲዮ ጠጋኙን አዋሩት። አከራዬንም በር ላይ አግኝተው «ያ ተከራይዎ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አሏቸው። አከራዬ እትዬ ደግ ሰው ናቸው፣ የልጁ ወሬም ከባለሱቁ ደርሷቸዋል፤ «ጨዋ ነው፣ ድምፁ አይሰማም። ለልጁ ግን ሟች ነው፤ ልጁን አንድ ቀን ሳያመጣው መጫወቻ ሲጠግን ይውላል» ብለው የሚያውቁትን በቅንነት ነገሯቸው።

በነጋታው አጎቴ በሬን ሳያንኳኩ ገቡ።

«ልጁ የት ነው?»

«የምን ልጅ፣ ጋሼ?»

«ስድስት ዓመቱ ነው። ረባሽ ነው። ከረሜላ ይወዳል። አባትየው ‹ልጅ እንዳለው ለምን ደበቃችሁን› ብለው ላኩብኝ። እኔን! በሽበቴ!»

ልጅ የለም ብል አላመኑኝም። አልጋ ሥር ገብቼ ቦርሳውን ጎተትኩት፣ መኪናዋን አወጣሁ፣ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ አንሶላው ላይ ደረደርኩ። አጎቴ ቆመው ያያሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጥፍር ቀለሙን በሁለት ጣታቸው አነሱ።

«ይሄስ?»

«ብሎኑ እንዳይላላ ነው። ሲነዳ ስለሚንቀጠቀጥ...»

«ተው። ይበቃኛል።» አልጋው ላይ ተቀመጡ። «ይሄን የሚነዳው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ።»

«አዎ።»

የምፈራው ሳቃቸውን ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፣ ፊታቸው በጣም ደከመ። «ስማ» አሉኝ በመጨረሻ። «እኔ በሰው ቤት ቆሜ ስለ ስንቱ ነገር ይቅርታ ለምኛለሁ። ለሰከረ ለምኛለሁ፣ ለተማታ ለምኛለሁ። ሳያገባ ለወለደማ ስንት ጊዜ! ቃሉንም አውቀዋለሁ፣ ሰዉም መልሱን ያውቀዋል። ለዚህ ግን ምን ብዬ ልቁም? ‹ልጃችን የተማረ ነው፣ የመንግሥት ሥራ አለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በመጫወቻ ይጫወታል› ልበል? ምን ይበሉኝ? ይቅር ብለናል?»

መፍቻዎቼን ወደ ቦርሳው መለስኩ።

በቀጠሮው እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አጎቴ ከሩቅ ፈገግ ብለው መጡ። «ሰጡህ!» አሉኝ።

«ምን አሏቸው፣ ጋሼ?»

«ምንም አላልኩም። አንገታችንን ደፍተን ‹ስለተደረገው ጥፋት ይቅርታ እንለምናለን› አልን። ይቅር አሉ።»

«ልጅ አለው ብለው ነገሯቸው?»

«አላልኩም። የለውም ብዬም አልተከራከርኩም። ለምን ታፈጥብኛለህ? በዚህ ዕድሜህ ይሄ ጥፋት አይደለም እንዴ?»

ከዚያ ሰውዬው የተናገሩትን ነገሩኝ። ሳይነግሩኝ ቢቀሩ በወደድኩ። አባቷ እንዲህ ነበር ያሉት፦ «እኔ የአሰብን መንገድ ስመላለስ ልጆቼ ያለ እኔ አደጉ። ይቺ ልጄ ትንሽ ሆና የተሰበረ አሻንጉሊት ይዛ መጣች፣ ‹ስመለስ› ብያት መኪናዬን አስነሳሁ። ስመለስ አሻንጉሊቱን ረስታው ነበር፣ እኔ ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም። ይሄ ሰው ለልጁ አንዲት ብሎን ፍለጋ መርካቶ ድረስ የሚወርድ ከሆነ፣ ልጄን አይበድላትም። ልጁንም እኛ አብረን እናሳድጋለን።»

ቢሰድቡኝ፣ ቢከለክሉኝ ይቀለኝ ነበር።

እሷ በእነዚያ ሳምንታት አላናገረችኝም ነበር። ሰኞ ዕለት መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል። ልናገር አፌን ከመክፈቴ «ለምን ደበቅከኝ አልልህም፣ አልፏል» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሁድ ለምሳ ይዘኸው ና። አባባ ሊያየው ቸኩሏል። አትፍራ፤ ለልጁ ፊቴን አላጠቁርበትም።» ልነግራት ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግራት ነበር። ከኋላዬ ግን ማዘዣ ወረቀት የያዙ እናት ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ነው፣ ከእሳቸው ኋላም ሰልፍ አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ልጁ መኪና ነው» ማለት አልቻልኩም። አስፕሪን ገዝቼ ወጣሁ።

እሁድ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ እንደደረስኩ፣ ሌላ ቃል ሳይቀድም እናገራለሁ ብዬ ቆርጫለሁ፤ መኪናዋንና መፍቻዎቹን የያዝኩትም ማስረጃ እንዲሆኑኝ ነው። በሩን ራሳቸው አባቷ ከፈቱት። ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። እኔን ሳይሆን ከወገቤ ዝቅ ብለው ከኋላዬ ተመለከቱ።

«የታለ? ታክሲ ውስጥ ተኝቶብህ ነው?»

«አባባ፣ አንድ ነገር...»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን እይ። እሱ ሳይመጣ እይልኝ፣ የጎደለ ካለ እናስተካክላለን።»

ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። የጓሮ አትክልታቸው የነበረበት መሬት ተመንጥሯል። ተደልድሎ፣ ውሃ ተረጭቶ፣ ተጠቅጥቆ መንገድ ሆኗል። ግራና ቀኙ በኖራ የተቀቡ ጠጠሮች ተደርድረዋል። መንገዱ ከበረንዳው ሥር ይነሳና ዳገት ይወጣል፣ ግማሽ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ያልፋል፣ ተጠማዝዞ ይወርዳል፣ ትንሽ የቆርቆሮ ድልድይ ይሻገራል፣ መጨረሻው ላይ ውሃ የሞላ ሰማያዊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ መሬት ውስጥ እስከ አፉ ተቀብሯል።

«ከአዲስ አበባ ይነሳል» አሉ በጣታቸው እያሳዩ። «ይሄ ጣርማ በር ነው፣ ዋሻው። እዚህ ኮምቦልቻ ያድራል። ይቺ ሚሌ ናት፣ ድልድዩን ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ትነግረዋለህ፣ ቸኩሎ ይታጠፋል ብለውኛል። ያ ባሕሩ ነው። አሰብ ሲደርስ ያራግፋል።»

እንዲህ ያለ መንገድ በሕልሜም አይቼ አላውቅም። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀቴ መሀል፣ እጄ ሪሞቱን ፈለገ። ይህን ሳልናዘዝ አላልፍም።

«አባባ» አልኩ። «ልጅ የለም።»

«እናቱ ከለከለችህ?»

«እናትም የለችም። ልጅ የሚባል የለም። መኪናዋ የኔ ናት። የምጫወተው እኔ ነኝ።»

የገባቸው አልመሰለኝም። ቦርሳውን ከፍቼ መኪናዋን መንገዱ ላይ አኖርኳት፣ ካቻቪቴዎቹን፣ የተሞረደውን ብሩጎላ፣ መበየጃውን፣ ሁሉንም በረንዳው ጠርዝ ላይ ዘረገፍኩ። ቀና ስል እሷ የጓሮው በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደነበረች አላውቅም። መጥታ የጥፍር ቀለሙን አነሳች፣ ክዳኑን ፈትታ ብሩሹ ላይ የተጣበቀውን የብረት ብናኝ አየች።

«ለብሎን ነው» አልኳት።

ልትስቅ ከንፈሯ ተነሳ። ሳቁ ግን ሳይወጣ ቀረ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዴት እንደማሳድገው ሳስብ ነበር» አለችኝ። «ተናድጄ፣ አልቅሼ፣ ከዚያ ደግሞ ትምህርት ቤት ማን ያደርሰዋል ብዬ። እናቴ እንዳይለኝ፣ ስሜን እንዲጠራኝ፣ ምን እንደምለው ሁሉ ተለማምጄ ነበር። ልጅ ቢኖርህ ይሻለኝ ነበር።»

አባቷ መኪናዋን እያዩ ነው።

«ይሄዳል?» አሉኝ።

«ይሄዳል፣ አባባ።»

«እስቲ ንዳው።»

ሙሉ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ሪሞቱን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። መኪናዋ ከበረንዳው ሥር ተነሳች፣ ዳገቱን ወጣች፣ በርሜሉ ውስጥ ገብታ እየጮኸች ወጣች። ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማዋ ወለቀና ወደ ጠጠሮቹ ተንከባለለ። ሄጄ ተንበረከክኩ። ብሎኑን በማግኔት ፈለግኩት፣ አገኘሁት፣ ላብ ባለው እጄ ብሩጎላውን አስገባሁ፤ መኪናዋ ግን እየተንሸራተተች አስቸገረችኝ። ያን ጊዜ ሁለት ትልልቅ ጣቶች ከላይ መጥተው አጥብቀው ያዟት። አባቷ ነበሩ። ካፖርታቸው አፈር ነክቷል። ብሎኑን እስካጠብቅ ያዙልኝ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ።

ሚሌን በቀስታ አለፍኩ። ሳፋው አጠገብ አቆምኩ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ደርሷል።» ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ለባለቤታቸው ሲናገሩ ሰማኋቸው። «ልጁ አይመጣም። ምሳ ይቅረብ።»

ልሂድ ብዬ መፍቻዎቼን መሰብሰብ ጀመርኩ። እሷ ግን «ግባ፣ ምሳ ቀርቧል» አለችኝ፣ ሳታየኝ። ገባሁ። ጠረጴዛው ዙሪያ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ፣ የሚቀመጥበት ከፍ እንዲል፣ ትራስ ታጥፎ ተደርቦበታል። የተሰጠኝ ቦታ ከእሱ ጎን ነው። ሁላችንም አየነው። አባቷ ፀሎት አድርሰው እንጀራውን ቆረሱና «ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን» አሉ። «ሰጥቻለሁ ብያለሁ። ሰጥቻለሁ።» ሲናገሩ የሚያዩት ወንበሩን ነበር።

እሷ ከወንበሩ ላይ ትራሱን አነሳችና እዚያው ተቀመጠች፤ የምታኖርበት አጥታ ይሁን ሌላ፣ ምሳው እስኪያልቅ ጭኗ ላይ ታቅፋው ቆየች። እናቷ ከወጥ ቤት በትንሽ ሳህን የተለየ ወጥ ይዘው መጡ። ለማን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ጥቂት ቆሙ፣ ከዚያ ፊቴ አስቀመጡት።

«በርበሬ የሌለው አልጫ ነው» አሉኝ። «ለእሱ ብዬ ነበር የሠራሁት። በል እንግዲህ፣ አንተው ብላው።»

ሁሉም እያዩኝ በላሁት።